ማን ተመለሰ፣ ማን ጠፋ? ሰውን በሰንጠረዥና በቀለም የመቁጠር ታሪክ

አንድ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫናችሁ እንበል። በመጀመሪያው ቀን ከፍታችሁ እዚህም እዚያም ነካካችሁት። በማግስቱም ከፈታችሁት። ከዚያ ፈተና መጣ፣ ወይ የሞላችሁት ዳታ አለቀ፣ ወይም በቃ ተረሳ። ለእናንተ ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ። አፑን ለሠሩት ሰዎች ግን አላበቃም። የሆነ ቦታ፣ አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ አንድ ቁጥር በአንድ ጎደለ። ያቺ የጎደለችው አንድ እናንተ ናችሁ።

ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ስለ ተጠቃሚዎቻቸው ሁለት ነገር አጥብቀው ይጠይቃሉ። አንደኛው «አንዴ የመጣው ሰው ተመልሶ መጣ ወይ?» የሚለው ነው። ለዚህ የሚሰጠው መልስ «ሪቴንሽን» ይባላል፤ ከመጡት ውስጥ ስንቱ እንደ ቆየ የሚናገር ምጣኔ ማለት ነው። ሁለተኛው «ሲመጣስ መቼ ይመጣል፣ የቱንስ ይነካል?» ነው። ለዚህኛው ደግሞ «ሂትማፕ» ወይም የሙቀት ካርታ የሚባል ሥዕል አለ። ብዙ የተነካው ቦታ ደምቆ፣ ያልተነካው ደብዝዞ ይታያል።

ሁለቱም የስማርት ስልክ ዘመን ፈጠራዎች ይመስላሉ። አይደሉም። የመጀመሪያው ከ360 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ የተጀመረውም ሙታንን በመቁጠር ነው። ሁለተኛውም ከኮምፒውተር ዘመን በፊት በወረቀት ላይ ተሥሏል። እስኪ ከሥሩ እንጀምር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሺህ ሰው የጫነው አፕ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንፍጠር። ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የፈተና መለማመጃ አፕ ሠራን እንበል። በመስከረም 1,000 ተማሪዎች ጫኑት። ከእነሱ ውስጥ በማግስቱ የከፈቱት 400 ናቸው። በሳምንቱ 200፣ በወሩ ደግሞ 100 ቀሩ። ስለዚህ የመስከረሞቹ የአንድ ወር ሪቴንሽን 10 በመቶ ነው ማለት ነው።

በጥቅምት አፑን አሻሻልነው። ሌሎች 1,000 ተማሪዎች ጫኑት፣ ከወር በኋላ 150 ቀሩ። የመስከረሞቹን በአንድ ረድፍ፣ የጥቅምቶቹን ከሥሩ በሌላ ረድፍ ብንጽፍ ማሻሻያው እንደ ረዳ ወዲያው ይታያል። እንዲህ በአንድ ጊዜ የጀመሩ ሰዎችን አንድ ላይ አድርጎ መከታተል «ኮሆርት» ይባላል። ቃሉ የመጣው ከሮማውያን ጦር ነው፤ ኮሆርት የአንድ ሌጌዎን አንድ አሥረኛ ክፍል ነበር። አብሮ የተሰለፈ፣ አብሮ የሚዘምት ቡድን። በኋላ የሕዝብ ጥናት ሊቃውንት በአንድ ዘመን ለተወለዱ፣ በአንድ ዓመት ለተጋቡ፣ በአንድ ጊዜ ትምህርት ለጀመሩ ሰዎች ተጠቀሙበት።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? «እስካሁን 2,000 ሰው ጭኖታል» ብሎ መናገር አይበቃም ወይ? አይበቃም። የጫነው ሰው ድምር መቼም ቢሆን አይቀንስም። ሁሉም ሰው ጥሎ ቢሄድ እንኳ ድምሩ እዚያው ነው። የሚያፈስ እንስራ ላይ ውሃ እየጨመሩ «ዛሬ ይህን ያህል ቀዳሁ» እንደ ማለት ነው። ስንት እንደ ቀዳን ሳይሆን ስንት እንደ ቀረ የሚነግረን ሌላ ቁጥር ያስፈልጋል።

የለንደኑ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ

ይህንን ቁጥር መጀመሪያ ያሰበው የኮምፒውተር ሰው አይደለም፤ የሒሳብ ሊቅም አልነበረም። ጆን ግራውንት የሚባል፣ ለንደን ውስጥ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነበር።

በዚያን ጊዜ ለንደን በወረርሽኝ በተደጋጋሚ ትመታ ስለነበር በየሳምንቱ የሟቾች ዝርዝር ታትሞ ይወጣ ነበር። በዚህ ሳምንት ስንት ሰው ሞተ፣ በምን ሞተ የሚል ወረቀት ነው። ሰዎች ገዝተው ያነቡታል፤ ወረርሽኙ ሲብስ ሀብታሞቹ ከተማዋን ለቀው ይወጣሉ፣ ከዚያ ወረቀቱ ይጣላል። ግራውንት ግን የብዙ ዓመታት ወረቀቶችን ሰብስቦ ደመራቸው፣ አነጻጸራቸው። ውጤቱን በ1662 በመጽሐፍ አወጣ።

እዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ትንሽ ሰንጠረዥ አለ። ከተወለዱ 100 ሕፃናት ውስጥ ስድስት ዓመት የሚሞላቸው 64 ናቸው ይላል። 16 ዓመት የሚደርሱት 40፣ 26 ዓመት 25፣ 36 ዓመት 16፣ 46 ዓመት 10፣ 56 ዓመት 6፣ 66 ዓመት 3፣ 76 ዓመት ደግሞ 1።

አሁን «ከተወለዱ» የሚለውን «ከጫኑ» በሚለው ተኩት፤ «ዓመት» የሚለውን ደግሞ «ቀን» በሉት። የእኛ አፕ ሰንጠረዥ ቁጭ አለ! መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይጎድላል፣ እየቆየ ግን የሚጎድለው ቁጥር ያንሳል።

የሚገርመው የሟቾቹ ዝርዝር በዚያን ጊዜ የሟቹን ዕድሜ አይጽፍም ነበር። ግራውንት የሞት ምክንያቶቹን አይቶ፣ የሕፃናት ብቻ የሆኑትን በሽታዎች ለይቶ፣ ከመቶው 36ቱ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ ብሎ ገመተ። የቀረውንም በግምት ሞላው። ሰንጠረዡ ስህተት አለበት፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር። አንድን ቡድን ከመነሻው ይዞ ስንቱ እስከየት ደረሰ ብሎ መጠየቅ። ነጋዴው በዚህ ሥራው ገና አዲስ የነበረው የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አባል ለመሆን በቃ።

ኮከብ ቆጣሪው ሃሌይ ሞት ሲቆጥር

ዕድሜ በትክክል የሚመዘግብ ከተማ ለማግኘት 30 ዓመት ገደማ ፈጀ። ከተማዋ ብሬስላው ነበረች፤ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ቭሮትስዋፍ ትባላለች። እዚያ ካስፓር ኖይማን የሚባል ቄስ የተወለዱትንና የሞቱትን ከነዕድሜያቸው ይመዘግብ ነበር። መዝገቡ ኤድመንድ ሃሌይ እጅ ገባ። አዎ፣ ስሙ የተሰጠው ጅራታም ኮከብ ያለው ያው የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው።

ሃሌይ በ1693 ያሳተመው ሰንጠረዥ በ1,000 ሕፃናት ይጀምራል። 20 ዓመት ላይ 598 ይቀራሉ፣ 40 ዓመት ላይ 445፣ 60 ዓመት ላይ 242። ጥቅሙ ደግሞ ገንዘብ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት በዚያን ጊዜ ብር ይበደርና ለአበዳሪው ዕድሜ ልኩን በየዓመቱ ይከፍል ነበር። ዋጋው ግን ለ20 ዓመት ወጣትም ለ60 ዓመት ሽማግሌም አንድ ነው። ሃሌይ ይህ እንደማያዋጣ በቁጥር አሳየ። ዛሬ አንድ ድርጅት «አንድ ተጠቃሚ ከእኛ ጋር ስንት ወር ይቆያል? እሱን ለማምጣት ስንት ብር ማስታወቂያ ላይ ባወጣ ያዋጣኛል?» ብሎ ሲያሰላ የሚሠራው የሃሌይን ስሌት ነው።

ታዲያ ሃሌይ ለምን የራሱን ከተማ ለንደንን ትቶ ብሬስላውን መረጠ? ለንደን ከገጠር የሚመጣ ሰው ይጎርፍባት ነበር። እዚያ የሚሞተው እዚያ የተወለደው ብቻ አይደለም፤ ስለዚህ ሒሳቡ ይዛባል። ይህ ችግር ዛሬም አለ። አንድ ሰው ስልኩን ቀይሮ አፑን እንደ አዲስ ሲጭን «አንድ ሰው ጠፋ፣ አንድ አዲስ ሰው መጣ» ተብሎ ይቆጠራል። ሰውየው ግን የትም አልሄደም።

ታሪካቸው ገና ያላለቀ ሰዎች

ሌላም አስቸጋሪ ነገር አለ። ትናንት አፑን የጫነ ሰው ከወር በኋላ ይኑር አይኑር እንዴት እናውቃለን? እንደ ጠፋ እንቁጠረው? ወይስ ጨርሶ እንተወው?

በ1950ዎቹ ሁለት አሜሪካውያን፣ ለየብቻቸው፣ እዚሁ ጥያቄ ላይ ይሠሩ ነበር። ፖል ማየር የካንሰር ሕሙማን ከሕክምና በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚኖሩ ይመረምራል። ኤድዋርድ ካፕላን ደግሞ ቤል ላብስ ውስጥ፣ ከባሕር ሥር በተዘረጋ የስልክ ገመድ ላይ ያሉ የቫኪዩም ቱቦዎች መቼ እንደሚቃጠሉ ያጠናል። አንዱ ስለ ሰው፣ ሌላው ስለ ቱቦ፤ ሒሳቡ ግን አንድ ነበር። ሁለቱም ወደ አንድ መጽሔት ጽሑፍ ላኩ። በአዘጋጁ ምክር አዋሕደው በ1958 በአንድነት አሳተሙት።

ዘዴያቸው እንዲህ ነው። አሥር ሰው አለን። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱ ጠፉ፤ ስምንት ቀሩ። ከስምንቱ ሦስቱ ግን አፑን የጫኑት ትናንት ነው፣ ስለዚህ ሁለተኛ ቀናቸው ገና አልደረሰም። አምስቱን ብቻ በሁለተኛው ቀን አየናቸው፤ አንዱ ጠፋ። ሦስቱን እንደ ጠፉ ብንቆጥራቸው ሪቴንሽኑ 40 በመቶ ይሆናል፤ ያለ በደላቸው ጥፋተኛ አደረግናቸው ማለት ነው። ከመጀመሪያው ጨርሰን ብንተዋቸው ከሰባት አራት፣ 57 በመቶ ይሆናል፤ የመጀመሪያውን ቀን ማለፋቸውን ጣልነው። ካፕላንና ማየር የሚሉት ግን እያንዳንዱን ቀን ለብቻው እንይ ነው። የመጀመሪያው ቀን 8 ከ10፣ ሁለተኛው ቀን 4 ከ5። ሁለቱን ስናባዛ 64 በመቶ። እያንዳንዱ ሰው የታየበት ጊዜ ድረስ ይቆጠርለታል፤ ያልታየበት ግን አይቆጠርበትም።

ይህ ጉዳይ ለእኛ አገርም እንግዳ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ቡታጅራ በዓለም የሕዝብ ጤና ጥናት ውስጥ የታወቀች ናት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ1986 በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ቤት ለቤት ክትትል ጀመረ። መረጃ ሰብሳቢዎች በእግር እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ለቆ ሄደ እያሉ መዘገቡ። «ሞተ» እና «ለቆ ሄደ» የሚሉት ሁለት ቃላት ተለይተው መጻፋቸው ትልቅ ነገር ነው። ሠርግ ሄዳ ሌላ ወረዳ የቀረችን ሴት እንደ ሞተች የሚቆጥር መዝገብ ስለ አገሩ ጤና ውሸት ይናገራል። የአፕ ሠሪዎችም ፈተና ይኸው ነው። የጠላቸውን ሰው፣ ኔትወርክ ያጣውን ሰውና ስልኩ የተሰበረበትን ሰው አንድ ላይ «ጠፋ» ብለው ይጽፋሉ።

ከሰንጠረዥ ወደ ቀለም

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሂድ። የት?

በ1854 ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለንደን ሶሆ ሰፈር ውስጥ ኮሌራ ገባ። ሐኪሙ ጆን ስኖው ለእያንዳንዱ ሟች በቤቱ ትይዩ አንድ ጥቁር መስመር እያሰመረ የሰፈሩን ካርታ ሠራ። መስመሮቹ ብሮድ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ ባለ አንድ የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማችተው ታዩ። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የማይነገረው ግን ስኖው የጠቆረውን ብቻ ሳይሆን ነጭ ሆኖ የቀረውንም መጠየቁ ነው። እዚያው አጠገብ 535 ሰዎች የሚኖሩበት የድሆች መጠለያ ነበር፤ በኮሌራ የሞቱት አምስት ብቻ ናቸው። ለምን? የራሱ ጉድጓድ ነበረው። እዚያው መንገድ ላይ ከ70 በላይ ሠራተኞች ያሉት የቢራ ፋብሪካ ነበር፤ ከእነሱ ማንም በኮሌራ አልሞተም። ፋብሪካው የራሱ ጉድጓድ ነበረው፣ ሠራተኞቹም የሚጠጡት ያው ቢራውን ነበር። ባዶው ቦታም ማስረጃ ሆነ።

በ1873 ቱሴን ሉዋ የሚባል ፈረንሳዊ የስታቲስቲክስ ሰው አንድ እርምጃ ተራመደ። የፓሪስን 20 ወረዳዎች በአንድ አቅጣጫ፣ የነዋሪዎቹን ዕድሜ፣ ሥራ፣ የትውልድ አገር በሌላ አቅጣጫ ደርድሮ ትልቅ ሰንጠረዥ ሠራ። ግን ቁጥር አልሞላበትም፤ እያንዳንዷን ካሬ ቀባት። ነጭ ለትንሹ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ ለብዙው። የ40 ካርታዎች መረጃ በአንድ ገጽ ላይ ተጠቃለለ። ይህ በእጅ የተቀባ ወረቀት ዛሬ ስልክ ላይ ለምናየው ሂትማፕ የሩቅ አያቱ ነው።

የመስከረምና የጥቅምት ተማሪዎቻችንን ሰንጠረዥም በዚሁ መንገድ መቀባት እንችላለን። ብዙ ሰው የቀረበት ካሬ ጠቆር፣ ጥቂት የቀረበት ነጣ። ሪቴንሽንና ሂትማፕ እዚህ ላይ ይገናኛሉ፤ የግራውንት ቁጥር የሉዋን ቀለም ለበሰ ማለት ነው።

ዓይን የሚያየው እንደ ጥያቄው ነው

ሰዎች ስክሪን ላይ የት እንደሚያዩ የሚያሳየው ሂትማፕ ሌላ ምንጭ አለው። አልፍሬድ ያርቡስ የሚባል የሶቪየት ተመራማሪ የዓይን እንቅስቃሴ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ ዓይን ላይ የሚለጠፍ፣ ለተመልካቹ የማይመች ነገር። ከሠራቸው ሙከራዎች ውስጥ አንዱ እንዲህ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ሥዕል አሳየው፤ የኢሊያ ረፒን ሥዕል ነው፣ ከረጅም ጊዜ በኋላ ድንገት ቤቱ የገባ ሰው የሚታይበት። መጀመሪያ ዝም ብለህ እየው አለው። ቀጥሎ የሰዎቹን ዕድሜ ገምት አለው፤ ዓይኑ ፊቶች ላይ ተተከለ። ኑሯቸው እንዴት ነው ሲለው ደግሞ ዓይኑ ልብስና የቤት ዕቃ ላይ ዞረ። ያው ሰው፣ ያው ሥዕል፣ የተለያየ ጥያቄ፣ የተለያየ መንገድ።

በ2006 ያኮብ ኒልሰን የሚባለው ዴንማርካዊ የድረ ገጽ ባለሙያ 232 ሰዎች ድረ ገጾችን ሲያነቡ በዓይን መከታተያ የተገኘውን ውጤት አወጣ። ሂትማፖቹ ብዙ ጊዜ የእንግሊዝኛውን ኤፍ ፊደል ይመስሉ ነበር። አንባቢው የመጀመሪያውን መስመር በደንብ ያነባል፣ ዝቅ ብሎ ሌላ አንድ መስመር በከፊል ያያል፣ ከዚያ የግራውን ጠርዝ ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ብዙ ድረ ገጾች አስፈላጊውን ነገር ከላይና ከግራ የሚያስቀምጡት ይህን አይተው ነው። የያርቡስን ትምህርት ግን አንርሳ። ስልክ ቁጥር የሚፈልግ ሰውና ግጥም የሚያነብ ሰው በአንድ ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ሂትማፕ አይተዉም።

አረንጓዴዎቹ ካሬዎች

ፕሮግራም የምትጽፉ ከሆነ ጊትሃብን ታውቁታላችሁ። በ2013 በእያንዳንዱ አባል ገጽ ላይ አንድ የዓመት ሰሌዳ ታየ፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንዲት ካሬ። ብዙ የሠራህበት ቀን ደማቅ አረንጓዴ፣ ያልሠራህበት ነጣ ያለ። አጠገቡ ደግሞ «ሳታቋርጥ ይህን ያህል ቀን ሠርተሃል» የሚል ቆጣሪ ነበር።

በ2016 ጊትሃብ ቆጣሪውን አነሳው፤ ካሬዎቹ ግን ቀሩ። ይህ ለተመራማሪዎች ሳይጠበቅ የመጣ ሙከራ ሆነ። በ2021 የወጣ ጥናት ከዚያ በፊትና በኋላ የነበረውን አነጻጸረ። ቆጣሪው ሲነሳ ረጃጅም ያልተቋረጡ ሰንሰለቶች ተበጠሱ። የቅዳሜና እሑድ ሥራ ቀነሰ። አንዲት ነገር ብቻ የተሠራባቸው ቀናትም አነሱ። ለካስ አንዳንዱ ሰው እሑድ ኮምፒውተሩን የሚከፍተው ሥራ ስላለበት ሳይሆን ቁጥሯ እንዳትበጠስ ብሎ ነበር። ሰውን ለመለካት የተሠራው ነገር ሰውየውን ቀየረው። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቻርልስ ጉድሃርት በ1975 ከገንዘብ ፖሊሲ ጋር አያይዞ ያነሳው ሐሳብ ይህን ይመስላል፤ መለኪያ ግብ ሲሆን ጥሩ መለኪያነቱ ይቀራል።

ያልተመለሱት አውሮፕላኖች

የሁለቱንም መሣሪያዎች ትልቁን ወጥመድ ያሳየው ግን የጦርነት ሒሳብ ነው። አብርሃም ዋልድ በ1902 በዛሬዋ ሮማኒያ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ ናዚዎች ሲመጡ በ1938 ወደ አሜሪካ ሄደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በነበረ የስታቲስቲክስ ቡድን ውስጥ ይሠራ ነበር። ጥያቄው ስለ ጦር አውሮፕላኖች ነው። ከውጊያ የተመለሱት ላይ የጥይት ቀዳዳዎች በየቦታው ተቆጥረዋል። ተጨማሪ ብረት የቱ ላይ ይለጠፍ?

የዋህ መልስ «ብዙ ቀዳዳ ያለበት ቦታ ላይ» ነው። ዋልድ ግን ነገሩን ገለበጠው። እነዚህ የተመለሱት ናቸው። ክንፋቸው ተበሳስቶም ከተመለሱ፣ ክንፍ ሲመታ አውሮፕላኑ ይችለዋል ማለት ነው። የተመለሱት ሞተር ላይ ቀዳዳ ካነሰ፣ ሞተራቸው የተመታው ስላልተመለሱ ነው። ታሪኩ ሲተረክ በየጊዜው ብዙ ጨዋታ ተጨምሮበታል፤ በ1943 የጻፋቸው ስሌቶች ግን ዛሬም አሉ።

ወደ አፓችን እንመለስ። ሂትማፑ የትኛው ቁልፍ በብዛት እንደሚነካ ያሳየናል። የነካው ግን የቀረው ሰው ነው። ምዝገባው ላይ «የኢሜይል አድራሻ አስገባ» የሚለውን አይቶ፣ ኢሜይል ስለሌለው አፑን የዘጋው ልጅ ሂትማፑ ላይ የለም። ገጠር ሆኖ ገጹ አልከፈት ያለው ልጅም የለም። ደማቁን ቦታ ብቻ እያየን ካሻሻልን፣ ከቀሩት ጋር ብቻ እያወራን ነው።

የሚያበራ ካርታ፣ የተገለጠ ምስጢር

በ2017 ኅዳር ላይ ስትራቫ የተባለው የሩጫና የብስክሌት አፕ የተጠቃሚዎቹን እንቅስቃሴ በአንድ የዓለም ካርታ ላይ አወጣ፤ 1 ቢሊዮን ያህል የስፖርት እንቅስቃሴ፣ ስም የሌለበት፣ በጥቁር መደብ ላይ የሚያበራ መስመር ብቻ። ትልልቅ ከተሞች እንደ ፍም ደመቁ። በጥር 2018 ግን አንድ የአውስትራሊያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሌላ ነገር አስተዋለ። አፍጋኒስታንና ሶሪያ ውስጥ ጨለማው መሐል ትንንሽ የሚያበሩ ቀለበቶች አሉ። የአገሩ ሰው ስትራቫ ብዙ አይጠቀምም፤ ታዲያ እዚያ በረሃ ላይ በክብ የሚሮጠው ማነው? በጦር ሰፈር ውስጥ ያሉ የውጭ ወታደሮች ነበሩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በግዳጅ ቀጠና ያሉ ወታደሮቹ ያሉበትን ቦታ የሚያሳውቁ አገልግሎቶችን እንዳይጠቀሙ ከለከለ።

ካርታው ላይ አንድም ስም አልነበረም። ስም ማጥፋት ብቻውን ሰውን አይሰውርም፤ ብዙ ሰው በሌለበት ቦታ አንድ ሰው ብቻውን ያበራል። ይህ ለትንሽ አፕም ይሠራል። በአንድ ወረዳ ሦስት ተጠቃሚ ብቻ ካለው፣ የዚያ ወረዳ ሂትማፕ የሦስት ሰዎች ማስታወሻ ደብተር ነው።

መመለስ ሁልጊዜ ጥሩ ነው?

ፌስቡክ በ2012 አክሲዮኑን ለገበያ ሊያቀርብ ሲል ባስገባው ሰነድ ላይ በ2011 ታኅሣሥ በወር የሚገቡ 845 ሚሊዮን፣ በቀን የሚገቡ ደግሞ 483 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች እንዳሉት ጽፏል። ስናካፍለው 57 በመቶ ይመጣል። በወር አንዴ ብቅ ካለው ሰው ከግማሽ በላዩ በማንኛውም ቀን እዚያ ነው ማለት ነው። ባለሀብቶች እንዲህ ያለውን ቁጥር ይወዱታል። ግን የሰዎቹ መመለስ ስለ መጠቀማቸው ምን ይነግረናል?

የፈተና መለማመጃ አፓችንን አስቡት። ፈተናው አልቆ ክረምት ሲገባ ሁሉም ተማሪ ጥሎት ይሄዳል። ሰንጠረዡ ላይ አደጋ ይመስላል። ተማሪው ግን ተፈትኖ አልፎ ነው የሄደው። በአንጻሩ በቀን ሃያ ጊዜ የሚከፍተው ልጅ ምናልባት እያጠና ሳይሆን ማሳሰቢያ እየጠራው ነው።

የእኛው አገር የሰዓትና የቀን አቆጣጠርም ሠሪውን ያሳስታል። ሰርቨሩ የዓለም አቀፉን ሰዓት ከተከተለ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ተማሪው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሲያጠና ሂትማፑ 17 ሰዓት ብሎ ይጽፋል፤ የማያውቅ ሠሪ «ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ነው የሚያጠኑት» ብሎ ይደመድማል። በእኛ ወራት ቆጥሮ ደግሞ ጳጉሜን እንደ ሙሉ ወር ቢያይ፣ አምስት ቀን ያላት ወር ተጠቃሚው ሁሉ የጠፋባት ትመስላለች።

እስኪ ይህን ራሳችሁ ላይ ሞክሩት። ከደብተራችሁ አንድ ገጽ ውሰዱ። ከላይ ሰባቱን ቀናት፣ ከጎን ሰዓቶቹን ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ጻፉ። ለሁለት ሳምንት ያጠናችሁበትን ሰዓት በእርሳስ ጥቁር አድርጉ፤ ሁለቴ ያጠናችሁበት ካሬ ይበልጥ ይጠቁራል። ሲያልቅ የጠቆረውን አይታችሁ አትደሰቱ፣ ባዶውንም አይታችሁ አትፈሩ። እንደ ስኖው ባዶው ካሬ አጠገብ ምን እንደ ነበረ ጻፉበት፦ መብራት የለም፣ ውሃ ልቀዳ ሄድኩ፣ ታናሽ ወንድሜ ታሞ ነበር፣ ስልክ ላይ ነበርኩ። አፕ የምትሠሩም ከሆነ ከጠፉት ተጠቃሚዎች ፈቃደኛ የሆኑ አምስት ሰዎች ፈልጋችሁ ደውሉና ለምን እንደ ተዉት ጠይቋቸው። ቡታጅራ ቤት ለቤት የዞሩት መረጃ ሰብሳቢዎች በር እያንኳኩ ያደረጉት ይህንኑ ነው።